በወፍ ዋሻ ደን አጠገብ ከሚያርሱ ገበሬዎች የተማርነው

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



 በበዓል ቀን የሚደረግ የተማሪ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ነው፤ እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የመጨረሻ ዓመታችንን ስንፈጽም ዘወር ብለን ብናስብ፣ ከሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው በክፍል ውስጥ ተቀምጠን የሰማነው ሳይሆን በእግራችን ሄደን ያገኘነው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ በጥር ወር መጨረሻ፣ በትምህርት ዕረፍታችን ጊዜ፣ ስድስት ተማሪዎች ሆነን በወፍ ዋሻ ደን ጠርዝ በምትገኝ አንዲት መንደር ስላደረግነው የዐሥር ቀን ጥናት ነው። የመንደሯን ስም አንናገርም። ምክንያቱን ወደ ንግግራችን መጨረሻ ስንደርስ ትረዱታላችሁ።

ጣርማ በርን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ መንገደኛ በሜዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ መጥቶ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ጉም ይቀበለዋል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ባስቆፈሩት ዋሻ ውስጥ አልፎ በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ምድር ከእግሩ ሥር የጠፋች ይመስለዋል። ይህ ተራራ ለዓይን ብቻ ድንበር አይደለም፤ ለውኃም ድንበር ነው። በምዕራብ በኩል የዘነበው ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በምሥራቅ በኩል የዘነበው ደግሞ በሮቢና በሌሎቹ ወንዞች በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። የወፍ ዋሻ ደን የተዘረጋው ይህን ምሥራቃዊ ገደል ተከትሎ ነው፤ ይኸውም በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በባሶና ወራና ወረዳዎች ውስጥ ነው። ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥድና ጥቁር እንጨት አሉበት። ወደ ላይ ከፍ ሲሉ ኮሶና አምጃ ይገኛሉ፤ ብርዱ እጅግ በሚበረታበት ከፍታ ላይ ደግሞ አስታና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ።

ደኑ በታሪክም የከበረ ነው። አባቶች በቃል ሲያስተላልፉልን እንደ መጣው፣ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ባስተከሉ ጊዜ የጥዱ ዘር የሄደው ከወፍ ዋሻ ነው ይባላል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1833 ዓ.ም.፣ ሻለቃ ሐሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ አንኮበር ሲመጣ ዕፅዋትንና እንስሳትን የሚመረምር ሊቅ አስከትሎ ነበር። ቀርቦ ደግሞ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976፣ በአንኮበር ገደል አጠገብ ጆን አሽ የተባለ ሰው ከዚያ በፊት በሳይንስ ያልተመዘገበች ትንሽ ወፍ አገኘ፤ በ1979ም በአንኮበር ስም ተጠርታ ወደ ዓለም መዝገብ ገባች። እንግዲህ ዛፉም ወፉም በልዩ ልዩ ጊዜ ተቆጥሯል፣ ተጽፏል ማለት ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ ይዘን ተነሣን። ደኑ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ነው፤ ከደኑ ጠርዝ ጀምሮ ግን የገበሬው ማሳ ነው። ለመሆኑ ይህ ገበሬ ከጥበቃው ጋራ እንዴት ይኖራል? ከደኑ ምን ያገኛል? ደኑስ ከእርሱ ምን ያጣል?

ለጉዞው የተዘጋጀነው በጣም ጠንቅቀን ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ መስሎን ነበር። አርባ ጥያቄዎች ጽፈን አባዛን። «የቤቱ አባወራ ስም ማን ይባላል? በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት ከደኑ ይወስዳል? የሚወስደው ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ስንት ከብት በደኑ ውስጥ ያሰማራል?» የሚሉና ይህን የመሳሰሉ ነበሩ። ለያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ መደብን። ከስድስታችን አንዱ የዚያችው መንደር ልጅ ስለ ነበረ፣ ማደሪያችንም በእናቱ ቤት ስለ ሆነ፣ ሥራው የሚቀልልን መስሎን ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከቤት ወደ ቤት ዞርን። ሰዎቹ እግዚአብሔር ይስጣቸውና አንድም ቀን ከደጅ አልመለሱንም፤ ቆሎና ጠላ እያቀረቡ ተቀበሉን። መልሱ ግን በሁሉም ቤት አንድ ነበር። «ከደኑ እንጨት አንነካም። ጠባቂ አለ፤ ሕግ አለ። ከብቶቻችንም ወደዚያ አይሄዱም።» እኛም ይህን በንጹሕ ጽሕፈት መዘገብን። በሦስተኛው ቀን ማታ ገጾቹን ሰብስበን ብንደምር፣ ከመንደሩ ወደ ደኑ የሚገባ ሰው ፈጽሞ የለም የሚል ውጤት ወጣ። ይህንን ስንደምር የተቀመጥነው ግን በአስታ እንጨት እሳት ዳር ነበር።

በዚያው ቀን አንድ ሽማግሌ ቤት ገብተን ጥያቄያችንን ስናነብ በትዕግሥት ሰምተው ከጨረሱ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ዳዊትም ሕዝቡን ቆጥሮ ነበር። ከቆጠራው በኋላ የመጣውን አንብባችኋል?» ብለው ጠየቁን። አንብበን ነበር። ገና በሕፃንነታችን በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ከቆጠራው በኋላ የመጣው መቅሠፍት ነው። ሆኖም ያን ታሪክ በእጃችን ከያዝነው ወረቀት ጋራ አገናኝተነው አናውቅም ነበር። ማታ ቤት ስንመለስ ደግሞ የጓደኛችን እናት እሳቱን እየቆሰቆሱ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ስትሄድ ተማሪ ነበርክ፤ ዛሬ መዝጋቢ ሆነህ መጣህ?» አሉት። ጓደኛችን መልስ አልሰጠም። ራቱንም በቅጡ አልበላም።

በአራተኛው ቀን ወረቀቶቹን አሥረን ከመደቡ ሥር አስቀመጥናቸው። ለሰዎቹም፣ «ጥያቄያችን ቀርቷል፤ እስከምንሄድ ድረስ ግን ሥራ እናግዛችሁ» አልናቸው። ወቅቱ የበልግ እርሻ የሚጀመርበት ስለ ነበረ ሥራ አልጠፋም። ሦስታችን ከወንዶቹ ጋራ ወደ እርሻ ወጣን፤ ሁለታችን ማሳ ጠባቂ ሆንን፤ የቀረነው ከሴቶቹ ጋራ ወደ እንጨት ወረድን፤ በየቀኑም ተራ ተለዋወጥን። የተማርነውን ሁሉ የተማርነው ከዚህ ቀን በኋላ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዋና ዋናውን በአጭሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ስለ ማገዶ። ወረቀታችን የሚጠይቀው አባወራውን ነበር፤ ስለ ማገዶ የሚያውቀው ግን አባወራው አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ቁልቁለቱን የሚወርዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። በመጀመሪያ የሚለቅሙት የወደቀ ጭራሮ ነው፤ ጭራሮው በአቅራቢያ ሲያልቅ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ጊዜው ከመሸባቸው ወይም ዝናብ ከመጣ ግን ቀጭኑን አስታ ይቆርጣሉ። ከእኛ መካከል በኳስ ጨዋታ ጉልበቱ የተመሰገነው ልጅ ከአንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ሸክሟን ተቀብሎ ዳገቱን ለመውጣት ሞክሮ ነበር። ከግማሽ በላይ አልዘለቀም። ልጃገረዶቹ ስቀው ሸክሙን መልሰው ወሰዱበት። ይህች ልጅ ይህን መንገድ በሳምንት ብዙ ጊዜ ትመላለሳለች፤ ትምህርት ቤት የምትቀርበትም ምክንያት ይኸው ነው።

«ታዲያ እንጨት መልቀም ፈጽሞ ቢከለከልስ?» ብለን ጠየቅናት የጓደኛችንን እናት። «ኩበት እናነዳለን» አሉን። ይህ መልስ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በግብርና ትምህርታችን ከተማርነው ጋራ ብናስተያየው ከባድ ነገር ነው። ኩበት ማለት ወደ ማሳው ሊመለስ የሚገባው ፍግ ነው። ፍጉ በምድጃ ሲነድ መሬቱ ይራባል፤ መሬቱ ሲራብ ገብሱ ይቀጥናል፤ ገብሱ ሲቀጥን ገበሬው ተጨማሪ መሬት ይፈልጋል፤ ተጨማሪው መሬት ደግሞ ያለው በደኑ ጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ለምድጃው ሌላ መላ ሳይፈለግ ደኑን መዝጋት፣ ደኑን በሌላ በር እንደ መቁረጥ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ በማሳው ዳር የተከሉ ቤቶች ወደ ደኑ የሚወርዱት ጥቂት ጊዜ እንደ ሆነ በዓይናችን አይተናል። መሬት የሌለው ግን የሚተክልበት ቦታ የለውም።

ሁለተኛ፤ ስለ አውሬ። በከተማ ያለን ሰዎች ጭላዳ ዝንጀሮ ስናይ ፎቶግራፍ ለማንሣት እንሽቀዳደማለን። በእውነትም የአገራችን ጌጥ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ አይገኝም። ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳ የሚወጣ፣ ምግቡም በአመዛኙ ሣር የሆነ እንስሳ ነው። ነገር ግን ሣሩ ታርሶ ገብስ ሲዘራበት፣ ገብስም ከሣር ወገን ስለ ሆነ፣ ጭላዳው ልዩነቱን አያውቅም። ሌሊት ደግሞ ጃርትና ከርከሮ ይመጣሉ። ስለዚህ ዘሩ ከተበተነበት ቀን ጀምሮ እስኪበቅል፣ በኋላም እሸት ሆኖ እስኪታጨድ ድረስ ማሳው ሰው ይፈልጋል። ሰው የተባለውም ሕፃን ነው። ሁለታችን በማሳ ጥበቃ በዋልንበት ቀን አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ወንጭፍ በአንድ እጁ፣ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ በሌላ እጁ ይዞ ተቀምጦ አገኘነው። ክፍልፋይ አስረዳን ብሎ ለመነን፤ አስረዳነው። እያስረዳን ሳለን ጭላዳዎቹ በስተኋላችን ወርደው የተዘራውን ጫሩት። ልጁ በአባቱ ተቈጣ፤ ጥፋቱ ግን የእኛ ነበር፤ ይህንንም ሄደን ለአባትየው ነገርናቸው።

ይህን ታሪክ የተናገርነው ለማሳቅ አይደለም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከእኛ ጋራ ዲፕሎማ ሊቀበሉ ይገባቸው የነበሩ፣ ነገር ግን በማሳ ጠባቂነት የቀሩ እኩዮቻችን አሉ። የደኑ አውሬ መጠበቁ የሀገር ጥቅም ነው፤ ወፉን ለማየት፣ ጭላዳውን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳም ደስ ይለዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ያ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው፤ የሚከፍለውም ከትምህርቱ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ውኃ። አርሶ አደሩ የደንን ጥቅም አያውቅም፣ ስለዚህ ማስተማር ያስፈልገዋል የሚል አሳብ ይዘን ሄደን ነበር። በዚህም አፍረናል። ዳዊትን ያነሡልን ሽማግሌ አንድ ቀን ይዘውን ሄደው፣ በልጅነታቸው ዓመቱን ሙሉ ይፈስ የነበረ፣ አሁን ግን በበጋ የሚደርቅ ምንጭ አሳዩን። ከምንጩ በላይ ያለው ተረተር ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል። ከዚያ አለፍ ብሎ ደኑ ያልተነካበት ሸለቆ ደግሞ በጥር ወር እንኳ ውኃው ሲንኳለል ሰማን። «ዛፉ ውኃ አያፈልቅም፤ ግን ዝናቡን አይዞህ ቀስ በል ይለዋል» አሉን። እኛም በጂኦግራፊ ክፍል ስለ ተፋሰስ የተማርነውን ምዕራፍ ከዚህ አሳጥሮ የሚናገር ሰው አላገኘንም። «ታዲያ ይህን እያወቁ ተረተሩ ለምን ታረሰ?» ብንላቸው፣ «ልጅ ሲወለድ መሬት አብሮት አይወለድም» ብለው መለሱልን።

አራተኛ፤ ስለ ሕግ። በመንደሩ ሁለት ዓይነት ሕግ አየን። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ዛፍ ማንም አይነካም፤ ጠባቂ ስላለ አይደለም፤ የራሳቸው፣ የአባቶቻቸው መቃብር ያለበት፣ ስለ ሆነ ነው። የመንግሥቱን ደን ግን የሚጠብቁት ጠባቂው ሲያያቸው ነው። ይህም የሆነው ሰዎቹ ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም። አንድ አባት እንዲህ ብለው ነገሩን፤ «ሞፈር ሲሰበር ከደኑ እቆርጣለሁ። ሌባ አይደለሁም፤ ያለ ሞፈር አይታረስም። ፈቃድ ብጠይቅ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም፤ ስለዚህ በሌሊት እሄዳለሁ። በሌሊት የሚሄድ ሰው ደግሞ መርጦ አይቆርጥም፤ እጁ ያገኘውን ይቆርጣል።»

ይህን ስንሰማ ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በመንዝ ያለውን የጓሳን ነገር አስታወስን። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆን ነው። የመንዝ ሰዎች ቄሮ በሚባለው ሥርዓታቸው ለብዙ ዘመን፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በሽማግሌዎች ቃል ከፍተው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ አጭዶ፣ እንደገና ይዘጉት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም ባለቤት እንደሌለው ነገር ብዙ ተጎዳ። ኋላ ግን የአካባቢው ሰዎች ከመንግሥት ጋራ ተመካክረው በኅብረተሰብ የሚጠበቅ ስፍራ አደረጉት፤ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም በዚያ ይኖራሉ። በሌላም በኩል፣ በጨሊሞና በቦንጋ ደኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋራ ውል ይዘው፣ ምን ያህል እንደሚቆረጥና ማን እንደሚጠብቅ ራሳቸው የሚወስኑበት አሠራር ተጀምሯል። እንግዲህ ሕግ የሚከበረው ሰው «የእኔ ነው» ሲለው መሆኑን ከሩቅ አገር መጽሐፍ መማር አያስፈልገንም።

ክቡራን ሆይ፣ አሁን የመንደሯን ስም ለምን እንዳልጠራን ወደምንናገርበት ደርሰናል።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ሰዎቹ በነጻነት ያጫውቱን ነበር ብለናል። እኛም ጥሩ ተማሪዎች ነንና፣ ማታ ማታ የሰማነውን ሁሉ በአንድ ደብተር እንጽፍ ነበር። ከዚህም ጋራ፣ ማን እንደ ነገረን እንዳንረሳ፣ ስማቸውንም እንጽፍ ነበር። ማን ሞፈር እንደ ቆረጠ፣ ማን ከብቶቹን በሌሊት እንዳሰማራ፣ ማን ጥድ ጥሎ ለማገር እንደ ሸጠ ሁሉም ከነስሙ በዚያ ደብተር ውስጥ ነበረ። ይህን ስናደርግ ማንንም አላስፈቀድንም። ክፉ ነገር ያደረግንም አልመሰለንም።

በዘጠነኛው ቀን በአካባቢው ሥልጣን አለኝ ያለ አንድ ሰው ወደ ማደሪያችን መጣ። በአክብሮት ሰላምታ ሰጥቶን ተቀመጠና፣ «ተማሪዎች ናችሁ፤ ሀገራችሁን ትወዳላችሁ። ደኑ እያለቀ ነው። ማን እንደሚቆርጠው እንደ ጻፋችሁ ሰምቻለሁ። ደብተሩን ለአንድ ሌሊት አውሱኝ» አለን። ነገ ጠዋት መልስ እንሰጥዎታለን ብለን አሰናበትነው።

ያን ሌሊት ማናችንም አልተኛንም። ሰውዬው የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ደኑ በእውነት እየሳሳ ነው። ከመካከላችን አንዱ፣ «አንድ ጥድ እስኪያድግ የሰው ዕድሜ አይበቃም። ለሞፈር የቆረጠውን እተወዋለሁ፤ ለሽያጭ የጣለውን ግን ለምን እንሸፍናለን? እኛ ዝም ስንል ደኑ ይናገርልኛል ብሎ የሚጠብቀው ማንን ነው?» ብሎ ተከራከረ። ሌላው ደግሞ፣ «የነገሩን እንግዶች ብለው፣ ቆሏቸውን አብልተው ነው። ብንሰጥ ሰርቀን መስጠታችን ነው» አለ። የመንደሩ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ። እናቴ ግን እዚህ ትኖራለች» አለ። ከዚህ ቃል በኋላ ክርክሩ ጸጥ አለ።

ጠዋት የጓደኛችንን እናትና ሽማግሌውን ጠርተን ያደረግነውን ሁሉ ነገርናቸው። ስም እንደ ጻፍን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ እኛም የዚያን ጊዜ ያፈርነውን ያህል አፍረን አናውቅም። ስም ያለባቸውን ገጾች በፊታቸው ከደብተሩ ቀድደን በምድጃው አቃጠልናቸው። ሽማግሌው ወረቀቱ እስኪነድ ድረስ ተመለከቱና፣ «ነገር ማለት አደራ ነው፤ ከመጀመሪያው ብትጠይቁን ኖሮ ያለ ስምም እንነግራችሁ ነበር» አሉን። ከዚያም ወደ ሰውዬው ሄደን፣ ስም እንደማንሰጥ፣ ነገር ግን ሰዎቹ ለምን እንደሚቆርጡ ያገኘነውን ሁሉ ልንነግረው ፈቃደኞች መሆናችንን ገለጽን። ስለ ሞፈሩ፣ ስለ ኩበቱ፣ ስለ ምንጩ ነገርነው። በመጀመሪያ ተቈጣ፤ በኋላ ግን ስለ ሞፈሩ ፈቃድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀን። ከዚያ በላይ ምን እንዳሰበ አናውቅም።

በትምህርት ቤትም ዋጋ ከፍለንበታል። ጥናታችን ማስረጃ የጎደለው ነው ተብሎ ነጥብ ተቀንሶብናል። በዚህ አናማርርም፤ ማስረጃችንን ያቃጠልነው ራሳችን ነን። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ከስድስታችን አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ ያደረግነው ስሕተት ነው ብሎ ያምናል። በመጨረሻው ቀን በመንገዳችን ላይ ገና ሙጫው ያልደረቀ ትልቅ የጥድ ጉቶ አይተን ነበርና፣ ያን ጉቶ አልረሳሁም ይላል። ይህ አሳቡ እንዲነበብ ስለ ጠየቀን አንብበነዋል፤ ልንመልስለት የምንችለው ሙሉ መልስም የለንም። የምንስማማበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ስሕተታችን ገጾቹን በማቃጠላችን አልተጀመረም፤ የተጀመረው ሳናስፈቅድ ስም የጻፍን ዕለት ነው። ሰውን የሚጠይቅ ሰው ከጥያቄው በፊት እኔ ማን ነኝ፣ የምትነግሩኝን ማን ያነበዋል፣ ምን ያመጣባችኋል ብሎ መናገር ይገባዋል። ይህን ሳይናገር የሚሰበስበው ቁጥር እንደ መጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቁጥራችን ሐሰት ይሆናል፤ ሐሰት ካልሆነም ወጥመድ ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ቁጥር አላነበብንላችሁም። የምናቀርበው ሦስት ልመና ብቻ ነው።

ለመምህሮቻችን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች ወደ ገጠር ለጥናት ሲላኩ፣ ስለ ጥያቄ አዘጋጀት ከመማራቸው በፊት ስለ አደራ እንዲማሩ እንለምናለን። ደግሞም ያገኙትን ተመልሰው ለሰጧቸው ሰዎች እንዲያነቡላቸው ይሁን። እኛ ይህን ለማድረግ በሚቀጥለው ወር ወደ መንደሯ እንመለሳለን።

ለወላጆቻችን፤ በተለይ ከደጋው ለመጣችሁ፣ ልጅ ከማሳ ጥበቃ ነጻ የሚሆንበትን መላ አብራችሁ ፈልጉ። በመንደሯ አራት ቤቶች ማሳቸው የተያያዘ ስለ ሆነ ጥበቃውን በተራ ይዘውት ነበርና ልጆቻቸው በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ከትምህርት አይቀሩም። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በደቦ ልማዳችን ውስጥ ያለ መፍትሔ ነው።

ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ክረምት ሲገባ በትምህርት ቤታችን ግቢ የወይራ፣ የኮሶና የጥድ ችግኝ የምናፈላበት መደብ ለማዘጋጀት ጀምረናል። ለማገዶ የሚሆን ችግኝም አብሮ ይኖራል፤ ምክንያቱም ለምድጃው ሳይታሰብ ለደኑ የሚታሰብ አሳብ እንደማይጸና አይተናል። እኛ እንሄዳለን፤ ችግኙን የሚያጠጣው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው።

በመጨረሻ፣ ስማቸውን ልንጠራ ያልፈለግነውን የመንደሯን ሰዎች ከዚህ ሆነን እናመሰግናለን። እንግዳ ብለው ተቀበሉን፤ ስንዋሽባቸው ሳይሆን ስንሳሳትባቸው ይቅር አሉን። ከመንደሯ ስንወጣ የጓደኛችን እናት ለየአንዳንዳችን ቆሎ ቋጥረው፣ ልጃቸውን ግን ለብቻው ጠርተው የሆነ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት ብንጠይቀው አልነገረንም። እኛም ደግመን አልጠየቅነውም።